«ሲግኒፊካንት» የግድ ትልቅ ማለት አይደለም

በእንግሊዝኛ የዕለት ተዕለት ንግግር «ሲግኒፊካንት» የሚለው ቅጽል ሚዛን የሚደፋ፣ ጉልህ ነገርን ይገልጻል። «ሲግኒፊካንት የደመወዝ ጭማሪ አገኘሁ» ያለ ሰው ስለ ሳንቲም አያወራም። ስታቲስቲክስ ውስጥ ግን ቃሉ ስለ ዕድል እንጂ ስለ መጠን አይናገርም።

በዚህ ፍቺው በሰፊው ያስለመደው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮትሃምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ ሙሪየል ብሪስቶል የተባለች የአልጌ ተመራማሪ፣ ስኒው ውስጥ ወተቱ ይቅደም ሻዩ ቀምሼ እለያለሁ አለች። ፊሸር ነገሩን በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ ሙከራ ለወጠው፦ ስምንት ስኒ ይቀርባል፤ በአራቱ ወተት፣ በአራቱ ሻይ ቀድሞ ተቀድቷል። ከስምንት ስኒ አራቱን መምረጫ 70 መንገድ አለ፤ ትክክሉ አንዱ ብቻ ነው። ምላሷ ምንም ባይለይ፣ በግምት ብቻ ሁሉንም የማግኘት ዕድሏ 1.4 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። አጋጣሚ ብቻውን እንዲህ ያለ ውጤት የሚያመጣበት ዕድል ይህን ያህል ሲጠብ ውጤቱ «ሲግኒፊካንት» ይባላል። ወሰኑን 5 በመቶ ላይ ማድረግ አመቺ ነው ያለውም ራሱ ፊሸር ነው፣ በ1925። ተከታዮቹ ግን እንደ ቀኖና ያዙት።

መዘዙ እዚህ ላይ ነው። አንድ የደም ግፊት መድኃኒት ግፊትን ከ150 ወደ 149 ቢያወርድ ለታማሚው ምንም አይፈይድም። ሃያ ሺህ ሰው ላይ ከተሞከረ ግን ያቺው አንድ ነጥብ «ሲግኒፊካንት» ልትሆን ትችላለች። በአንጻሩ ስምንት ነጥብ የሚያወርድ ጥሩ መድኃኒት ሃያ ሰው ላይ ብቻ ቢሞከር ወሰኑን ሳያልፍ ሊቀር ይችላል፤ «አይሠራም» ተብሎ የሚጣለውም ያኔ ነው። የመጀመሪያውን ስህተት፣ ትንሿን ለውጥ ትልቅ አድርጎ ማየትን፣ ዜና ዘጋቢዎች ይወዱታል፤ ሁለተኛው ግን በእኔ ግምት ይብሳል፣ ምክንያቱም ማንም አይሰማውም።

የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ባወጣው መግለጫ ይህ የዕድል ስሌት የአንድን ውጤት ትልቅነትም ሆነ ጠቀሜታ እንደማይለካ አስጠንቅቋል። በ2019 ደግሞ ከ800 በላይ ተመራማሪዎች አጠራሩ ጭራሽ ይቅር ብለው «ኔቸር» መጽሔት ላይ በወጣ ጽሑፍ ፈረሙ። እስካሁን አልቀረም።

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በእንግሊዝኛ የምታዘጋጁ ተማሪዎች፣ «ሲግኒፊካንት» ብላችሁ ስትጽፉ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነና ስንት ሰው ላይ እንደተለካ አብራችሁ አስፍሩ።