ለእንሰት ጓሮ ብስባሽ ሲዘጋጅ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ዙሪያ በሚገኙ የጉራጌ መንደሮች እንሰት ከመኖሪያ ቤት ጀርባ ባለው ጓሮ ይለማል። የጓሮው ለምነት ለዘመናት ተጠብቆ የቆየው በዋናነት በከብት ፍግ፣ በአመድና በቤት ጥራጊ ነው።

የደረቀ የእንሰት ቅጠል በተክሉ ሥር ሲጎዘጎዝ የአፈሩን እርጥበት ይጠብቃል፤ አረምን ያፍናል፤ በዝናብ የሚደርሰውን መሸርሸርም ይቀንሳል። ቅጠሉ ከፍግና ከአመድ ጋር በጥላ ሥር ተነባብሮ፣ እርጥበቱ ተጠብቆና በየጊዜው እየተገላበጠ ሲብላላ ደግሞ ወደ ብስባሽነት ይለወጣል።

ይሁን እንጂ በአጠውልግ በሽታ የተያዘ እንሰት ለጉዝጓዝም፣ ለብስባሽም ሆነ ለከብት መኖ ሊውል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1968 በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ ጥናት የተገለጸው ይህ የባክቴሪያ በሽታ ወደ ጤነኛ ተክል የሚዛመተው በቢላዋና በሌሎች መሣሪያዎች እንዲሁም በታመመው ተክል ቅሪት አማካይነት ነው። ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም።

በመሆኑም የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ከጓሮው ርቆ መቀበር፣ መሣሪያውም በእሳት መለብለብ ይኖርበታል። የግብርና ባለሙያዎችና የቀበሌ አመራሮች ስለ ብስባሽ ዝግጅት በሚሰጡት ትምህርት ይህን ማሳሰቢያ ማካተት ይጠበቅባቸዋል። ለመድረስ በርካታ ዓመታት የሚወስድ እንሰት አንዴ ከጠፋ በአንድ የምርት ዘመን አይተካምና።