ከጉብታ ወደ ጉብታ የሚሻገር ኢንተርኔት

በጎጃም አገር ሰው ጉብታ ላይ ቆሞ በማዶ ያለውን ጎረቤቱን መጣራቱ የታወቀ ነው። ማዶኛው የሰማውን ለወዲያኛው ያቀብላል፤ ወሬውም ሸለቆ ሳይወርድ አገር ያዳርሳል። በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክም በመንገድ ላይ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው።

በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ከአዴት ወደ ሞጣ በሚኒባስ ስንጓዝ፥ ከጎናችን አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ተቀምጦ ነበር። ማለዳ ከገበሬ ማሳ ላይ ዋግ የመታውን ስንዴ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ባሕር ዳር ላለው አለቃው ሊልክ ይታገላል። መድኃኒት ይረጭ እንደ ሆነ ውሳኔው የሚጠበቀው ከዚያ ነው። ፎቶግራፉ ግን እኩሌታው ይሄድና ይቆማል። «ጋሼ፥ የእርስዎ ይሠራል?» ቢለን የእኛም ያው ሆነ። ዋግ በነፋስ የሚዛመት በሽታ ነውና ኔትወርክ ሳይጠይቅ ከማሳ ወደ ማሳ ያልፋል።

እያንዳንዱ የስልክ ማማ የራሱ ግዛት አለው። ስልኩ በጉዞ ላይ ሳለ በዙሪያው ያሉትን ማማዎች ኀይል ያለማቋረጥ እየመዘነ፥ አንዱ ሲደክም ወደ በረታው ይተላለፋል። በከተማ ማማዎቹ ተቀራርበው ስለ ቆሙ ተሳፋሪው ቅብብሉን ልብ አይለውም። በገጠር ግን ኮረብታው ሞገዱን ይጋርደዋል። ሜዳም ቢሆን የሁለተኛው ትውልድ መስመር በተለመደው አሠራር ከ35 ኪሎ ሜትር አይሻገርም። ሸለቆ ሲገባ አራተኛው ትውልድ ወደ ሦስተኛው፥ ሦስተኛውም ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ፎቶግራፍ መላክ ግመልን በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ ነው። ማማ የራቀው ስልክ አብዝቶ ስለሚጮህ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ የሚጣራ ሰው ጉሮሮው እንደሚደርቅ ማለት ነው።

የመኪና ቆርቆሮ ሞገድ ያዳክማልና ለወጣቱ የመስኮቱን ወንበር ለቀቅንለት። እርሱም ፎቶግራፉን ትቶ፥ «ቢጫ ዋግ ነው፤ የቅጠሉ እኩሌታ ተይዟል» ብሎ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላከ። እንዲህ ያለው መልእክት እጅግ ጥቂት ቦታ ስለሚበቃው፥ ዳታ በማያልፍበትም ያልፋል። አቀበቱን ጨርሰን ጫፉ ላይ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ። መልሱ «ይረጭ» የሚል አንድ ቃል ነበር። ፎቶግራፎቹ የሄዱት ሞጣ ገብተን ቡና ስንጠጣ ነው።

የመስኮት ወንበር የማይረዳበት ጊዜም መጣ። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ። በተከታዩ ጥቅምት ያን ወጣት በስልክ አግኝተን ሥራው እንዴት እንደ ሆነ ብንጠይቀው፥ የታመመውን ቅጠል በወረቀት ጠቅልሎ በሚኒባስ ረዳት እጅ ወደ ባሕር ዳር መላኩን ነገረን።