ፎር ዊል መኪና በበረዶና በጭቃ ላይ

ዲፈረንሻል የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል፣ ጎማዎቹም በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችል የጥርሶች ስብስብ ነው። መኪና በአዲስ አበባ ልደታ ሰፈር የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የረዘመ መንገድ ይሄዳል፤ ሁለቱ በአንድ ብረት ቢታሰሩ ኖሮ አንደኛው እየተንሸራተተ ይጎተት ነበር።

ድክመቱ የሚታየው መንገዱ ሲያዳልጥ ነው። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማዎች የሚያደርሰው ጉልበት እኩል በመሆኑ፣ አንደኛው መሬት መቆንጠጥ ካቃተው ሌላውም ከእሱ የበለጠ አያገኝም። በረዶ ላይ ያረፈው ጎማ 200 ኒውተን ሜትር ብቻ መሸከም ከቻለ፣ አስፋልት ላይ ያለው 1000 መሸከም ቢችልም የሚደርሰው 200 ነው። አንዱ በባዶ ይሽከረከራል፤ መኪናው ግን ላይነቃነቅ ይችላል።

አራቱንም ጎማ መንዳት ይህን ችግር ያቀልላል እንጂ አያጠፋም። ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄድ መኪና የፊት፣ የኋላና የመሃል ዲፈረንሻል አለው፤ ሦስቱም ተራ ከሆኑ አንድ ጎማ ሲያዳልጠው ሌሎቹም ይደክማሉ። በገጠር የሚታወቀው ላንድ ክሩዘር 70 በአብዛኛው የመሃል ዲፈረንሻል የለውም፤ ፎር ዊሉ ሲገባ የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ይታሰራሉ። ይህ በማጥ ውስጥ ይጠቅማል፤ በልደታ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን በየመታጠፊያው ጥርሶቹንና ጎማውን ይጎዳል።

መፍትሔዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። ዲፈረንሻል ሎክ ሁለቱን ጎማዎች አስሮ ጉልበቱ ወደሚቆነጥጠው እንዲሄድ ያደርጋል፤ መሪ ስለሚያከብድ ግን ለዝግታ ጉዞ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያገኘው ቶርሰን የሚባለው የዲፈረንሻል ዓይነት በጥርሶቹ ሰበቃ ለሚቆነጥጠው ጎማ ያደላል፤ አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን ብዙም አይረዳም። በአዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተሩ በባዶ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይይዛል፤ በዚህም ለሌላው ጎማ የሚደርሰው ጉልበት ይጨምራል።

አዲስ አበባ ላይ ከዝናብ ጋር የሚወርድ በረዶ ቶሎ ይቀልጣል። በክረምት ከከተማ ወጥቶ የሸዋን ወይም የጎጃምን ጥቁር አፈር የሚያቋርጥ ሹፌር ግን ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ ያለው ኢትዮጵያዊ በበረዶ ወቅት የሚገጥመው ፈተና ይገጥመዋል። ሁለቱም ፎር ዊሉን ማስገባት ያለባቸው መኪናው ከመያዙ በፊት ነው። ከዲፈረንሻሉ እኩል የሚወስነው ጎማው ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ወይም በጭቃ የተደፈነ ጎማ የሚደርሰውን ጉልበት መሬት ላይ ማሳረፍ አይችልም። ፍሬን ደግሞ በማንኛውም መኪና አራቱንም ጎማ ስለሚይዝ፣ ፎር ዊል ለመነሳት እንጂ ቶሎ ለመቆም አይረዳም፤ በሚያዳልጥ መንገድ ላይ ፍጥነት መቀነስና ርቀት መጠበቅ ለሁሉም መኪና እኩል ግዴታ ነው።