ያንን ፎቶ ከመስታወቱ አትላጡት!

ከሚኤሶ እስከ ሂርና፣ ከጭሮ እስከ ገለምሶ ማን ቤት ብትገቡ ግድግዳው ላይ የድሮ ፎቶ አይጠፋም። ጭሮ (የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ) ሁልጊዜ እሁድ ማታ የህንድ ፊልም የምናይበት ቤት አለ። የቤቱ እመቤት በቀደም አንድ ፍሬም አወረዱ። ሟች ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳሉ ሚኤሶ ጣቢያ የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ሌላ የላቸውም! ጣሪያው አፍስሶበት ከመስታወቱ ተጣብቋል። ልጃቸው ሊያላቅቀው ቢላ ይዞ መጣ።

«ኧረ ተው ወንድሜ!» አልኩት፤ ፊልሙንም ረሳነው። ምስሉን የያዘው ጄላቲን ነው፤ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። በግድ ከላጡት የሰውዬው ፊት መስታወቱ ላይ ይቀራል።

መላው ቀላል ነው። መስታወቱን ከውጭ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ፣ መስኮት አጠገብ አድርጉት፣ ከነመስታወቱ በሞባይል አንሱት። ፍላሽ እንዳታበሩ፣ ያንጸባርቃል። ባለቀለሙንማ ፈጠን በሉ፤ እሱ ከጥቁርና ነጩ ቀድሞ ይደበዝዛል። በፎቶው ያሉትን ሰዎች ስም፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ከጀርባው በእርሳስ በስሱ ጻፉ። ለሌሎቹ ፎቶዎች ደግሞ ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ዳር ዳሩን ካርቶን አስገቡበት።