ምርጫ ለለመደ ተማሪ ፓራግራፍ ለምን ይከብዳል?

ፍሬሽማን ልትገቡ ነው? ከኮርሶቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚንቀው እንግሊዝኛውን ነው። “ስንት ዓመት የተማርኩት አይደል?” ይላል።

ግን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፣ እንግሊዝኛውም ጭምር። አንድ ፓራግራፍ ሳይጽፉ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻላል ማለት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መቅደላ አምባም ተመደቡ ጎንደር፣ አንደኛ ዓመት ላይ “ኮሚኒኬቲቭ ኢንግሊሽ” የሚባል ኮርስ ይጠብቃችኋል። እዚያ መጻፍ አይቀርም። ውጤቱም ዲፓርትመንት ስትመረጡ ይቆጠራል፤ ቀልድ አይደለም።

ታዲያ ምኑ ነው የሚከብደው? ብዙዎቻችን ሰዋስው ይመስለናል። በእኔ እይታ ግን ትልቁ ችግር ቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ስናወራም ዙሪያውን ዞረን ነው ወደ ጉዳዩ የምንገባው። የእንግሊዝኛ ፓራግራፍ ጉዳዩን መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይፈልጋል፣ የቀረው እሱን ማስረዳት ነው።

የቦረናውን ደንቆሮ ጫካ እንውሰድ። ስለሱ ጻፉ ብትባሉ “ደን ለሰው ልጅ ጠቃሚ ነው” ብሎ መጀመር የተለመደ ነው። ተዉት። “ደንቆሮ ጫካ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መጠጊያ ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባል” በሉና ጀምሩ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ “ለምን?” ለሚለው ይመልስ። ስለ መንገዱ ርቀት የሚያወራ መስመር ካለ፣ ቆንጆም ቢሆን ይውጣ።

ቻትጂፒቲ? አሳይመንቱን ይሠራላችሁ ይሆናል፣ ፈተና ክፍል ግን አብሯችሁ አይገባም። እስከ ምዝገባ በየቀኑ አምስት መስመር በእጃችሁ ጻፉ። ጓደኛችሁ የመጀመሪያዋን ብቻ አንብቦ ጉዳዩን ይንገራችሁ። ካልቻለ እንደገና ጻፏት።