ሮኒ ኮልማን፦ 8 ጊዜ ሻምፒዮን፣ በኋላ በክራንች

ጂም የምትሠሩ ከሆነ የሮኒ ኮልማን ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሳይመጣ አይቀርም። ያ ከባድ ብረት ተሸክሞ የሚጮኸው ሰውዬ ማለት ነው።

ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ተወለደ። በአካውንቲንግ በማዕረግ ቢመረቅም በተማረበት ሥራ አላገኘም፤ ፒዛ ቤት ተቀጠረ። ቀጥሎ በቴክሳስ፣ አርሊንግተን ከተማ ፖሊስ ሆነ። እዚያ ሜትሮፍሌክስ የሚባል ጂም ገባ። ባለቤቱ ብራያን ዶብሰን አቋሙን አይቶ “ለውድድር ከተዘጋጀህ ክፍያ የለም” ዓይነት ስምምነት አቀረበለት፤ እሱም ተስማማ።

ድሉ ግን ቶሎ አልመጣም። በ1998 ሚስተር ኦሎምፒያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፍ 34 ዓመቱ ነበር። ከዚያ እስከ 2005 ማን ይቻለው! 8 ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ የሊ ሃኒን ክብረ ወሰን ተጋራ። ሻምፒዮን ሆኖም የፖሊስ ሥራውን ወዲያው አልተወም። በ2006 ጄይ ከትለር ዘውዱን ወሰደበት።

ዋጋው የመጣው በኋላ ነው። 363 ኪሎ ግራም ትከሻው ላይ ጭኖ 2 ጊዜ ቁጭ ብድግ ያለው ሰው፣ ጀርባውና ዳሌው ከ10 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በክራንች መሄድ ጀመረ። ይቆጨው እንደሆነ ሲጠየቅ ታዲያ፣ የሚቆጨው ያንን ብረት 4 ጊዜ አለመሥራቱ ብቻ እንደሆነ ተናግሯል።

እሱ መርጦ ከፍሏል። እናንተ ብረት ከመጨመራችሁ በፊት ግን ከቪዲዮው በኋላ ያለውንም ሕይወቱን እዩት።