ካርቱም ሲተኮስ ገዳሪፍ ላይ ገንዘብ የሚቆመው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። «ባንካክ ሲቋረጥ ገንዘቤ የት ይሄዳል?» ይላሉ። አንዳንዱ ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ስልኩ ከተሰረቀ ብሩም አብሮ የሄደ ያህል ይደነግጣል። ሌላው ደግሞ ገዳሪፍ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል ብሎ ያስባል። ሁለቱም አይደለም። ስልካችሁ መስኮት ብቻ ነው። ሒሳባችሁ የተጻፈበት ደብተር ያለው ሩቅ ቦታ፣ ባንኩ ሁሉን ነገር የሰበሰበበት ማዕከል ውስጥ ነው።

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲጀመር የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ውጊያው ያለው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ የካርቱም ባንክ መተግበሪያ ባንካክ ግን እዚህም ተቋረጠ። ከዘመድ ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው፣ ዱቄትና ዘይት በባንካክ የሚሸጥ ባለ ሱቅ፣ በሰው ሒሳብ አስልኮ ካሹን ኮሚሽን ከፍሎ የሚቀበል ስደተኛ፣ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት እነዚህ ማዕከላት ውስጥ ምን ዓይነት ማሽን እንደሚቀመጥና ሁሉ ነገር ለምን አንድ ቦታ እንደሚከማች ማወቅ ያስፈልጋል።

በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ትልልቅ ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን የሚያከናውኑት ሜይንፍሬም በሚባል ኮምፒውተር ነው። ያረጀ ነገር ይመስላል፤ አይቢኤም ሲስተም 360 የተባለውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዜድ 16 ሲሞላ 200 ፕሮሰሰርና 40 ቴራባይት ሜሞሪ ይይዛል። የእኛ ስልክ ስንት ጊጋ ባይት እንዳላት አይታችሁ አወዳድሩት። ከውጭ ሲታይ ጎን ለጎን የቆመ ቁም ሳጥን ነው እንጂ ሌላ ምንም አይመስልም። ሌላ ዓይነት ማሽን የሚጠቀም ባንክም ብዙ አለ፤ የመሰብሰቡ አሠራር ግን ተመሳሳይ ነው፣ ሜይንፍሬም ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል።

መሰብሰብ ስል ምን ማለቴ ነው? አንድ ድርጅት ለደመወዝ አንድ ኮምፒውተር፣ ለብድር ሌላ፣ ለስልክ ባንክ ሌላ እያለ ሲገዛ ይቆይና አንድ ቀን ሺህ ማሽን ይኖረዋል። እያንዳንዷ መብራት ትበላለች፣ ማቀዝቀዣ ትፈልጋለች፣ ጠባቂ ባለሙያ ትፈልጋለች። ቀኑን ሙሉ ግን የምትሠራው ከአቅሟ ትንሹን ነው። በየጎጆው አንድ አንድ ወፍጮ እንደ መትከል ማለት ነው። እና ምን ያደርጋሉ? የሺውን ሥራ ወደ ጥቂት ትልልቅ ማሽኖች ያዛውራሉ። አንዱ ሜይንፍሬም ውስጥ ግድግዳ ተበጅቶ እስከ 85 የተለያየ ክፍል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሙሉ ኮምፒውተር ነኝ ብሎ ይሠራል፣ የአንዱ ብልሽት ወደ ሌላው አይሻገርም። አይቢኤም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 የራሱን 3,900 ገደማ ሰርቨሮች ወደ 30 ያህል ሜይንፍሬም እንደሚያዛውርና የመብራት ፍጆታውን በ80 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር።

አሁን ወደ ልዩ ፕሮሰሰሮቹ ልምጣ፤ ለእኔ በጣም የሚያስገርመኝ ይሄኛው ክፍል ነው። ዶካ ወይም መተማ ላይ ያለ ትልቅ የሰሊጥ እርሻ አስቡ። ሰሊጥ ከደረሰ አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል። እርሻው ላይ መዝገብ የሚይዝ አንድ ውድ ሰው አለ፣ የሠራተኛውን ሁሉ ሒሳብ የሚያውቅ። ይሄ ሰው መዝገቡን ትቶ ውኃ ቢቀዳ፣ ጆንያ ቢሸከም፣ ለበሰበሰው ገመድ ገበያ ቢላክ ምን ይሆናል? ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ውኃ የሚቀዳ ለብቻ፣ የሚሸከም ለብቻ ይቀጠራል።

ሜይንፍሬም ውስጥም እንዲሁ ነው። ዋናው ፕሮሰሰር የሒሳቡን ሥራ ይሠራል። ከዲስክና ከኔትወርክ የሚመጣውንና የሚሄደውን መረጃ የሚያመላልስ ሌላ ረዳት ፕሮሰሰር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ብቻ የሚያንቀሳቅስ ፕሮሰሰር መጣ፤ አይኤፍኤል ይሉታል። በ2004 ለጃቫ ፕሮግራሞች ዛፕ፣ በ2006 ደግሞ ለዳታቤዝና ለመሳሰሉት ዚፕ የተባለው ተጨመረ። የሚስጥር ቁልፍ የሚሠራ፣ ማለትም የይለፍ ቁጥራችሁ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚቆልፍ ካርድም ለብቻው አለ። በዜድ 16 ላይ ደግሞ ቺፑ ራሱ ውስጥ የተሠራ ክፍል፣ ክፍያው ገና እየተከናወነ ሳለ «ይሄ ሌባ ይሆን?» ብሎ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መመርመር ይችላል።

አሁን የሚያስቀውን ልንገራችሁ። አይኤፍኤል፣ ዛፕና ዚፕ የሚባሉት ከዋናው ፕሮሰሰር የተለየ ቺፕ አይደሉም። አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ ከውስጥ «አንተ ይሄን ሥራ ብቻ ሥራ» ተብለው መታዘዛቸው ነው። ታዲያ ለምን? በዋጋ ምክንያት ነው። የሜይንፍሬም ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚከፈልበት በዋናው ፕሮሰሰር ጉልበት ልክ ነው። ልዩዎቹ ግን ከዚያ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። ቀረጥ ሰብሳቢ መጥቶ ሚዛን ላይ የቆሙትን ብቻ ቆጥሮ ሲያስከፍል፣ ተሸካሚውን አለመቁጠሩን ያየ ነጋዴ የሚችለውን ሥራ ሁሉ ወደ ተሸካሚው ይገፋል አይደል? ባንኮቹም ያን ያደርጋሉ። ሻጩም ደንበኛው ሥራውን ይዞ ወደ ሌላ ርካሽ ማሽን እንዳይኮበልል ሲል በገዛ እጁ የከፈተው በር ነው። ብልህ ንግድ ነው፤ ግን ሥራ ሁሉ ወደ አንድ ማሽን እንዲሰበሰብ የሚገፋውም ይኸው ነው።

«ገንዘብ ስልክ ሳለ ኔትወርክ ቢቋረጥስ?» የሚለው ሌላው ጭንቀት ነው። እንዲህ ዓይነት ሲስተም ከሰው ሒሳብ መቀነስና በሌላው ላይ መደመርን እንደ አንድ ድርጊት ነው የሚያየው። ወይ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ወይ አንዱም አይሆንም። መሐል ላይ ከተቋረጠ የጀመረውን መልሶ ይሰርዛል፤ ለዚህም እያንዳንዱን እርምጃ አስቀድሞ ይመዘግባል። ይህ የሚሠራው ግን በአንድ ባንክ ውስጥ ሲሆን ነው። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ሲሆን ሁለት ደብተሮች እስኪመሳከሩ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ተቀንሶ ያልደረሰ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ መሐል ነው።

ደብተሩ አንድ ቦታ ሲሆን ስሕተቱም አንድ ላይ ይመጣል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን አስታውሱ። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. በሲስተም ችግር ምክንያት ሰዎች ከሌላቸው ሒሳብ ማውጣት ቻሉ፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ዶርም ተዳርሶ ሲነጋ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቶ ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ አብዛኛውንም በኋላ አስመለሰ። ቅርንጫፎች የየራሳቸውን ደብተር በሚይዙበት ዘመን ጅማ ላይ የተፈጠረ ስሕተት ባሕር ዳር አይደርስም ነበር።

የሱዳኑ ግን ከዚያ ይከፋል፤ ምክንያቱም ሕንፃው ራሱ የውጊያ ሜዳ ውስጥ ነው የነበረው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የኤምቲኤን፣ የሱዳኒና የዜይን አገልግሎት በሳምንት ጊዜ ውስጥ ተራ በተራ ተቋረጠ። ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ካርቱም ውስጥ ያሉትን የኩባንያዎቹን ዳታ ሴንተሮች ተቆጣጥሮ አስቆማቸው የሚል ክስ ቀረበበት። ኔትወርክ ሲሞት ባንኩ ቢኖርም እንደሌለ ነው። የስታርሊንክ ሳህን ያለው ሰው በየሰፈሩ እንደ ባንክ ቤት የሆነው ያኔ ነው፤ በሰዓት እየከፈለ የሚሰለፈው ሰው ብዛት አይነገርም። በኋላ ኩባንያዎቹ ሥራቸውን ወደ ፖርት ሱዳን እያዞሩ በምሥራቁ በኩል አገልግሎት ቀስ በቀስ ተመለሰ።

መሰብሰቡ ራሱ ጥፋት ነው ብዬ አላምንም። ጥፋቱ ሁለተኛ ቤት አለማበጀት ነው። በሌላው ዓለም ሜይንፍሬም የሚያስተዳድር ባንክ ሌላ ከተማ ላይ መንትያ ማሽን ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ክፍያ እዚያም ይገለበጣል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይቀጥላል። ውድ ነው፤ አብዛኛውን ዘመን ሥራ ፈትቶ ለሚቀመጥ ነገር መክፈል ለአለቆች አይጥማቸውም። ካርቱም ዋና ከተማ ስለሆነች ሁሉም ዋናውን እዚያው አከማቸ፤ ፖርት ሱዳን የታሰበችው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ይህ ነገር የእኛን መዝገብም ይመለከታል። ኡም ራኩባም ሆነ ቱናይድባ ያላችሁ፣ ዩኤንኤችሲአር የጣትና የዓይን አሻራ የሚወስድበት ሲስተም አሻራውን የሚያከማቸው ጄኔቫ ባለ ማዕከል ነው። እዚህ ላይ መሰብሰቡ ጠቅሞናል። አሻራው የተወሰደ ሰው ካርዱ ቢቃጠልበት፣ ቢሰረቅበት ወይም ሲሸሽ ቢጥለው፣ ሌላ ቦታ ወይም ሌላ አገር ሲደርስ አሻራው ማንነቱን መልሶ ሊያወጣው ይችላል። በካምፕ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቢሮው ሲዘረፍ ማንነታችንም አብሮ ይዘረፍ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የዓይናችን ምስል በአንድ ቦታ መቀመጡ «ማን ያየዋል?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል። ይህን ምዝገባ ላይ ስትቀርቡ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጠያቂውን እንደ አስቸጋሪ የሚያይ ሠራተኛ ቢኖርም ጠይቁ።

ባንካክን በተመለከተ እኔ የማደርገውን ልናገር። የሳምንት ወጪዬን የሚችል ካሽ ከመተግበሪያው ውጭ አስቀምጣለሁ። በሰው ሒሳብ ገንዘብ ስቀበል የግብይቱን ቁጥር፣ ቀኑንና መጠኑን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ስክሪን ሾት ከስልኩ ጋር ይጠፋል። ስልክ ከጠፋ መጀመሪያ ሲሙን ማዘጋት ነው፣ ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ ስላልነበረ አልጠፋም፤ የሚያሰጋው ሌላ ሰው በእናንተ ቁጥር መግባቱ ነው። የይለፍ ቁጥሩን «ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሄጄ ላውጣልህ» ለሚል ሰው አትስጡ። ገንዘብ ተቀንሶ ካልደረሰ ደግሞ ቶሎ ብላችሁ ደግማችሁ አትላኩ፤ ሲስተሙ ሲነሳ ሁለቱም ሊያልፉ ይችላሉ።